የሰው ስንቅ ቀማሽ

ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ቀን ነው። ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል ቦርሳ ተሰጠኝ። ውስጡ መጽሐፍ ቅዱስ፣ አንድ እስር ትራክት፣ ሁለት ጥራዝ ቅጽና አንድ እስክሪብቶ ነበረበት። ትራክት የምንላት ለመንገደኛ የምትታደል አጭር የወንጌል ወረቀት ናት። ምድቤ ቃሊቲ ሆነ፤ ማረሚያ ቤቱ በር ላይ፣ ስንቅ ይዘው ከሚሰለፉት ጠያቂዎች ዘንድ። ውስጥ ገብተው እስረኛ የሚያስተምሩ ሌሎች ወንጌላውያን ነበሩን፤ የፈቃድ ደብዳቤ ያላቸው፣ የተማሩ። እኔ የበር ነበርኩ።

የቤተ ክርስቲያናችን የስርጭት ክፍል ኃላፊ ወንድም ታምራት ይባላል። ዕድሜው ከበኩር ልጄ አይበልጥም፤ ግን ከመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት በዲፕሎማ የወጣ ነው። ቅጾቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ አሳየኝ።

«ጋሽ ደጀኔ፣ ይኼ ነጩ የጸሎት ርዕስ ነው። ሰው ጸልዩልኝ ካለ ስሙን እዚህ ይጽፋሉ። ይኼ ቢጫው የአዲስ አማኝ ነው። ጌታን ተቀበልኩ ያለ ሰው ስሙ፣ ሰፈሩ፣ የቤት ቁጥሩ እዚህ ይገባል። ቢጫው በወር መጨረሻ ለእኔ ይመጣል፤ ከእኔ ለክትትል ክፍል ይሄዳል። እነሱ ቤቱ ድረስ ሄደው ያስተምሩታል።»

«ነጩስ?» አልኩት።

«ነጩ እርስዎ ጋ ይቀራል። ይጸልዩበታል።»

ይህን ልዩነት ልብ በሉልኝ። የማፍርበት ነገር ያለው በነጩና በቢጫው መካከል ነው።

በሩ ላይ ስደርስ ሳጅን ገመቹ የሚባል ጠባቂ አስቆመኝ።

«ጋሼ፣ ምን ይዘዋል?»

«ወንጌል።»

«ለየትኛው እስረኛ?»

«ለተሰለፈው ሁሉ።»

ቦርሳዬን አየት አድርጎ መለሰልኝ። «እሱ አይፈተሽም። ግን ከሰልፉ ወዲያ ይቁሙ፤ መስመሬን እንዳያበላሹብኝ።»

ያን ቀን አንድ እስር ትራክት አደልኩ። ወደ ቤት ስመለስ ብዙዎቹን አስፋልቱ ዳር አገኘኋቸው። በአንዷ ቆሎ ተጠቅልሎ ይሸጥ ነበር።

እኔ ከዚያ በፊት አቃቂ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ሽመና ክፍል ማሽን ላይ ነው የኖርኩት። ፊደል የቆጠርኩት በደርግ ጊዜ፣ በመሠረተ ትምህርት፣ ከፈረቃ መልስ ነው። ማንበብ እችላለሁ፤ በጣቴ እየተከተልኩ። መጻፍ ግን እንደ ድንጋይ ፈለጣ ነው የሚያደክመኝ። ይህንንም የጻፍኩት ወጣት ወንጌላውያኖቻችን «ጋሼ፣ የሥራ ዘመንዎን ይጻፉልን» ብለው ስለነዘነዙኝ ነው፤ አራት ወር ፈጅቶብኛል። ኢሕአዴግ ከገባ በኋላ ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ ከተቀነሱት አንዱ ሆንኩ። ሽማግሌዎቻችን «ደጀኔ ድፍረት አለው፣ ድምፅም አለው» ብለው ለወንጌል ሥራ ቀጠሩኝ። ድምፁ የማሽኑ ነው። ሽመና ክፍል የሠራ ሰው ጆሮው ስለሚደክም ጮኾ ነው የሚያወራው። ድፍረት ያሉትም ግትርነት ነበር።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ከአቃቂ ቃሊቲ በእግሬ እሄዳለሁ። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ላይ መቆም ነው። የሲሚንቶ መኪና ሲያልፍ አቧራው አፌ ውስጥ ይገባል። ምሳ የሚባል ነገር አላውቅም። ሰልፍ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ሐሳቡ ሁሉ ውስጥ ካለው ሰው ጋር ነው፤ ስለ ሰማይ ቤት ስታወራው «እባክህ መጀመሪያ ይህችን በር ልለፍ» ይልሃል። እውነቱን ነው። በጊዜው ግን ልበ ደንዳና ናቸው ብዬ ተናደድኩባቸው።

ሚሊኒየሙ በተከበረበት ዓመት የታኅሣሥ ቢጫ ቅጼ ባዶ ገባ። የጥርም ባዶ። የካቲት መጨረሻ ላይ ሦስተኛውን ባዶ ሳስረክብ ወንድም ታምራት ወረቀቱን አገላብጦ አየው፤ ከጀርባው የጻፍኩት ነገር ያለ ይመስል።

«ጋሽ ደጀኔ፣ ሦስት ወር ሙሉ አንድ ሰው የለም?»

«አልተቀበሉም።»

«ወይ ደግሞ አልተነገራቸውም ይሆናል።»

«እየነገርኳቸው ነው። ሳሪስ ድረስ ይሰማል ድምፄ።»

አልሳቀም። «ሽማግሌዎቹ የቃሊቲ በር ምድብ ይታጠፍ ወይ እያሉ ነው። ፍሬ የሌለበት ቦታ ሰው ማቆም ከብዷቸዋል። እኔ እስከ መጋቢት ጠብቁ ብያለሁ።»

ዱሮ አብረን የሠራን የሽመና ክፍል ሰዎች ትዝ አሉኝ። «ደጀኔ እንጀራ ሲያጣ ሰባኪ ሆነ» ይሉ ነበር። አሁን ደግሞ «ሰባኪነቱንም አልቻለበት» ሊሉ ነው። ስለ ነፍስ አልነበረም የተጨነቅሁት። ይህን ዛሬ መጻፍ አያስቸግረኝም።

ስንቅ አገባቡን ለማያውቅ ልንገር። ምግብ ያመጣ ሰው ዕቃውን ከፍቶ ጠባቂው ፊት ከእያንዳንዱ ይቀምሳል። ደንብ ነው፤ ሳይቀመስ አይገባም። ሁዳዴ ሲገባ ጾመኛው ሁሉ ይቸገራል። ብዙው ሰው «ይቅር ይበለኝ» ብሎ ሽሮውን ምላሱ ላይ ነካ አድርጎ ያልፋል።

የሁዳዴ ሁለተኛ ሳምንት ላይ አንዲት ነጠላቸውን መስቀለኛ ያጣፉ ቀጠን ያሉ ሴት ተራቸው ደረሰ። ከሳሪስ አቦ ነው የመጡት። ወይዘሮ አስካለ ይባላሉ፤ ከእኔ አሥር ዓመት ቢበልጡ ነው፣ ኋላ እትዬ አስካለ እላቸው ጀመር። ሳህኑን ሲከፍቱት የእንቁላል ፍርፍር ነው።

«እማማ፣ ይቅመሱ» አለ ሳጅን ገመቹ።

«እንቁላል እኮ ነው ልጄ። ሁዳዴ ነው።»

«ለማን ነው?»

«ለልጄ። ሳንባውን ታሞ ሐኪሞቹ እንቁላልና ወተት አዘውለት ነው። እሱ በሽተኛ ነው፣ ጾም የለበትም። እኔ ግን እንዴት አድርጌ?»

«ደንብ ነው እማማ። እርስዎ ካልቻሉ ሌላ ሰው ይቅመስልዎት።»

እትዬ አስካለ ወደ ሰልፉ ዞሩ። «ከእናንተ ውስጥ የማይጾም አለ?» አሉ።

ማን አለሁ ይላል። የማይጾሙም ነበሩበት፤ ግን ያን ያህል ሰው ፊት ማን አፉን ሞልቶ ይናገራል። ሁሉም ጫማውን ያያል። ከበሩ ፊት ለፊት ባለው ኪዮስክ ደጃፍ የተቀመጠ የፌስታል ሻጭ ነው የተናገረው።

«እማማ፣ ጴንጤው ቆሞልዎት የለም እንዴ? እሱ ምን ጾም ያውቃል።»

ሰልፉ ሳቀ። እኔ ያን ቀን ቁርስ አልበላሁም። ቀረብኩና ማንኪያውን ተቀበልኩ። ለመቅመስ አንድ ማንኪያ ይበቃል። እኔ ሦስት ጎረስኩ። ለሳንባ በሽተኛ የመጣ እንቁላል ነው።

«ቀስ በል ወንድሜ» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለታመመ ነው።»

ሳጅን ገመቹ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። ሳቁን ለመደበቅ ይመስለኛል።

በሚቀጥለው ቀን ሲመጡ በሳህኑ ክዳን ላይ ለብቻው ትንሽ ፍርፍር ለይተው አስቀምጠዋል። «ይኼ የቀማሽ ነው» አሉኝ። «ከዚያኛው አንድ ማንኪያ፣ የቀረውን ከዚህ ብላ።» የራበኝ መሆኑን አውቀዋል። ከዚያ ወዲያ በሳምንት ሦስት ቀን ሲመጡ የቀማሽ ሳይዙ መጥተው አያውቁም። እሳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አይቀምሱም፤ እኔ እፊታቸው ቆሜ እንቁላል እበላለሁ።

እየበላሁም እሰብካቸው ነበር። «እትዬ፣ ጾም አያድንም» አልኳቸው አንድ ቀን፣ አፌን ሳልጠርግ።

«አንተ ብላ፣ እኔ ልጹም» አሉኝ። «እግዜር ለሁለታችንም ይበቃል።»

መጋቢት እየተገባደደ ሲሄድ «ስለ ልጅዎ ስምዎን ጽፌ እጸልይልዎት?» አልኳቸው።

«ለልጄ ከሆነ ጻፍ። ጸሎት ከየትም ይምጣ።»

ስማቸውን፣ ሰፈራቸውን፣ የቤት ቁጥራቸውን ነገሩኝ። በነጩ ቅጽ ላይ ጻፍኩ። እሳቸው ማንበብ አይችሉም፤ ግን ዕድሜ ልካቸውን ሰው አምነው የኖሩ ናቸውና ወረቀቱን እንኳ አላዩትም።

በወሩ መጨረሻ ቤቴ ቁጭ ብዬ ቢጫውን ገለጥኩት። ባዶ ነው። ነጩን ከጎኑ አደረግሁ። ከዚያ የእትዬ አስካለን ስም ከነጩ ወደ ቢጫው ገለበጥኩ። ስም፣ ሰፈር፣ የቤት ቁጥር። «ጌታን የተቀበሉበት ቀን» የሚል መስመር አለው፤ እሱንም ሞላሁ። ከጻፍኩት ቅጽ ሁሉ የእጄ ጽሑፍ ያማረው በዚያ ነው። አንድም ፊደል አልሰረዝኩም።

ወንድም ታምራት ሲያየው ተነስቶ አቀፈኝ። እሑድ በጉባኤ ፊት ሪፖርቱ ተነበበ። «ከቃሊቲ በር አንዲት እናት» ሲባል ሰዉ እልል አለ። ከስብሰባው በኋላ ብዙ ሰው እጄን ጨበጠኝ። እኔም ጨበጥኩ። የሚያዝያው ቅጽ ላይ ደግሞ ሌላ ሁለት ስም ጨመርኩ፤ እነሱም ለዘመዶቻቸው ጸልዩልን ያሉኝ ሰዎች ነበሩ። የመጀመሪያው ጊዜ ከብዶኝ ነበር። ሁለተኛው አልከበደኝም።

ከፋሲካ በኋላ የክትትል ክፍል ልጆች ሦስት ሆነው ወደ ሳሪስ አቦ ሄዱ። የቤቱ ቁጥር ቢጠፋባቸው ሱቅ ጠየቁ። «አዲስ ያመኑት እናት፣ ወይዘሮ አስካለ ቤታቸው የቱ ነው?» ብለው። ልጆቹ አላጠፉም፤ የተጻፈላቸውን ነው የጠየቁት። እትዬ አስካለም ለልጃቸው ሊጸልዩ የመጡ መስሏቸው አስገቧቸው፣ ወንበር ሰጧቸው። ልጆቹ እጃቸውን አንስተው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጸለዩ። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ባለ ሱቋ ደግሞ የእትዬ አስካለ ማኅበርተኛ ናት።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ዳቦውን ነው።

ግንቦት ስድስት ቀን እትዬ አስካለ ከስንቁ ሌላ አንድ ትልቅ ድፎ ዳቦ በመሶብ ጨርቅ ጠቅልለው መጡ። ከአንድ ጫፉ እንኳ አልተነካም። በሰልፉ እየዞሩ ቆርሰው ማደል ጀመሩ።

«ምንድን ነው እማማ?» አለቻቸው አንዲት ሴት።

«የአቦ ነው። ትናንት የጽዋ ማኅበራችን ተራ የኔ ነበር። ጠላዬን ጠምቄ፣ ዳቦዬን ደፍቼ ጠበቅሁ። ሰው አልመጣም።»

«እንዴት ሰው ይቀራል?»

«ጴንጤ ሆነሻል አሉኝ። ዳቦው ይበላሽ? ብሉ።»

የጽዋ ማኅበርን የማታውቁ ካላችሁ፦ ጎረቤት በጻድቁ ስም በየወሩ በአምስተኛው ቀን በተራ በአንዱ ቤት ተሰብስቦ የሚቀምስበት ነው። እትዬ አስካለ ሲታመሙ የሚጠይቃቸው፣ ልጃቸው ሲታሰር ቤት የመጣላቸው፣ ሲሞቱም የሚቀብራቸው እሱ ነው። ሌላ ዘመድ የላቸውም።

ዳቦውን እያደሉ እኔ ጋ ደረሱ። ቆርሰው ዘረጉልኝ። ቢጫው ቅጽ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ቅጂው ጥራዙ ላይ ይቀራልና። ሰዉ ሁሉ ያየናል።

እኛ የታቦት የተባለውን አንበላም። እኔም ጮክ ብዬ «የታቦት አልበላም» አልኩ።

ሁለት ወር የሳቸውን እንቁላል ስበላ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያ ዳቦ ሰው ያጣው በእኔ ምክንያት ነው። እሱን ነው አልበላም ያልኩት።

«እሺ» አሉ። የእኔን ቁራሽ ከኋላዬ ለቆመችው ሴት ሰጧት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስበው እስከ ዛሬ ፊቴ ይግላል። በማግስቱ እናገራለሁ አልኩ፤ አልተናገርኩም። አንድ ቀን ሳሪስ አቦ ድረስ ሄጄ ቤታቸው በር ላይ ስደርስ ተመለስኩ። ከፋሲካ እስከ በዓለ ሃምሳ ጾም ስለሌለ ቀማሽ አያስፈልጋቸውም ነበር፤ እኔም ሲመጡ ከኪዮስኩ ጀርባ ዞር እል ጀመር። የግንቦት ቢጫ ቅጼን ባዶ አስገባሁ። ያችን ያህል ብቻ ነበር ንስሐዬ።

ሰኔ ላይ የሐዋርያት ጾም ገባ። እትዬ አስካለ እንደ ገና ሳህናቸውን ይዘው መጡና ዓይናቸው ፈለገኝ።

«ና እንጂ፣ ቅመስልኝ» አሉኝ።

የቀማሽ ለይተው ይዘዋል። አንድ ማንኪያ ጎረስኩ፤ አልወርድ አለኝ። ሳጅን ገመቹ «ጋሼ፣ ምግቡ ምን ሆኗል?» አለ፤ ሥራው ነዋ። ዋጥኩት። ስንቁ ከገባ በኋላ ወደ ጎን ወሰድኳቸው።

«እትዬ፣ ያ ስምዎን የጻፍኩት ወረቀት…»

«አውቃለሁ» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ልጆቹ ቤቴ ሲመጡ ወረቀቱን አሳዩኝ። ማንበብ አልችልም፣ ግን ነገሩኝ። ‹ጋሽ ደጀኔ ናቸው ያመጡዎት› አሉኝ።»

ዳቦውን የዘረጉልኝ እያወቁ ነበር።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ብነግርህ ትሸሻለህ። ማን ይቀምስልኛል? ልጄ እንቁላሉ ያስፈልገዋል።»

«ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«እኔን ለምን ታስቸግረኛለህ። ለነሱ ንገራቸው። በሐምሌ አምስት ማኅበሩ የመሪያችን የሙሴው ቤት ነው። እኔ ዛሬ ብሞት ማን እንደሚቀብረኝ አላውቅም። ልጄም ሲፈታ ማን ሰፈር ይገባል?»

ሳህናቸውን ጠቅልለው ሄዱ።

ኪዮስኩ ጀርባ ሄጄ ለመጸለይ ቆምኩ። ስንት ዓመት በሰው ፊት ስጸልይ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ቃል አይቸግረኝም ነበር። ያን ቀን የወጣኝ «ዋሽቻለሁ» የምትል አንዲት ቃል ናት። ደጋገምኳት። ሰው አልሰማኝም፣ ቅጽም አልነበረውም። እምነት የምለው ነገር ከእኔ ጋር የጀመረው ከዚያ ነው ብል የሚቆጣኝ ሽማግሌ ይኖር ይሆናል። ይቆጣ።

ሐምሌ አምስት ዝናብ ነበር። የማኅበሩ መሪ ሙሴ ነው የሚባለው፤ ሙሴው ጋሽ ወርቁ የሚባሉ የባቡር ጡረተኛ ናቸው። ደጃቸውን ሁለቴ አልፌው ሄድኩ። በሦስተኛው ገባሁ። ጫማዬ ጭቃ ስለሆነ ደፉ ላይ ቆምኩ። አሥር አሥራ ሁለት ሰው ተቀምጧል። እትዬ አስካለ የሉም።

«ማን ልበል?» አሉ ጋሽ ወርቁ።

«ደጀኔ እባላለሁ። ወንጌላዊ ነኝ።»

ባለ ሱቋ «አንዷን ወስዶ አልበቃውም፣ ሌሎቻችንን ሊያጠምቅ መጣ» አለች። ሰዎች ሳቁ።

«አንድም ሰው አልወሰድኩም» አልኩ። «ለእሱ ነው የመጣሁት። ወይዘሮ አስካለ ከሃይማኖታቸው አልወጡም። ለልጃቸው ጸሎት ስማቸውን ሰጡኝ፤ እኔ በሌላ ወረቀት ገለበጥኩት። ዋሽቼ ነው።»

እየጮህኩ ነበር፤ የሽመና ክፍል ድምፅ ነው፣ ማለዘብ አልችልም። ጎረቤትም ሳይሰማ አልቀረም።

ጋሽ ወርቁ መነጽራቸውን አደረጉ። «ወረቀቱ የታለ?»

ቅጂውን ከጥራዙ ገንጥዬ ሰጠኋቸው። ለሁሉም ጮክ ብለው አነበቡት። ነጩንም ጠየቁኝ፤ ሰጠኋቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስተያዩ።

«ይህን ስትጽፍ እሷ ምን አለች?»

«‹ለልጄ ከሆነ ጻፍ› ነው ያሉት።»

«ሦስት ወር የት ነበርክ?»

«ፈርቼ ነበር።»

«ምን? እኛን?»

«ሥራዬን።»

ከጥጉ አንዲት አሮጊት «እኛስ?» አሉ። «ማንኛችን ነን ቤቷ ሄደን እውነት ነው ወይ ያልናት?» ባለ ሱቋ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

ጋሽ ወርቁ ቢጫውን ገልብጠው ጉልበታቸው ላይ አኖሩትና «አሁን ያልከውን እዚህ ጻፍበት፣ ፈርምበት» አሉኝ። ደፉ ላይ ቁጢጥ ብዬ ጻፍኩ። አራት መስመር ናት። ሁሉም የጠላ ዋንጫቸውን ይዘው ይጠብቁኛል። ፊደል ሲጠፋብኝ ጋሽ ወርቁ ነገሩኝ፤ አልሳቁብኝም። ጽፌ ስጨርስ ሌላ አንድ እንደዚያው ዓይነት አስጻፉኝ። «ይኼኛውን ደግሞ ለአለቆችህ ውሰድ» አሉ። «እኛ ዘንድ ብቻ እውነተኛ ሆነህ አትቅር።»

ሰኞ ወንድም ታምራት ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። አንብቦ ጠረጴዛው ላይ መለሰው።

«ጋሽ ደጀኔ፣ ማን ጠይቆዎት ነው?»

«ወይዘሮ አስካለ ጠየቁኝ።»

«የሚያዝያዎቹ ሁለቱስ?»

«እነሱም እንደዚያው ናቸው።»

እጁን ግንባሩ ላይ ጫነ። «እኔም እኮ ባዶ አታምጡ ብዬ ነው» አለ። ይህንን በማለቱ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ። ግን ጥፋቱ የሱ አልነበረም፤ እሱ ባዶውን አልወደደውም እንጂ ዋሽ አላለኝም።

እነዚያን ሁለት ሰዎች ፈለግኋቸው። አንዱ ሰፈር ቀይሯል፤ አንዷ በር ላይ መምጣት ትታለች። ምን እንደደረሰባቸው አላውቅም። ይህ አልተዘጋልኝም።

ሽማግሌዎቹ ከወንጌላዊነት አገዱኝ። ቦርሳውን አስረከብኩ። የቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ዘበኛ አደረጉኝ፤ ጡረታዬም የዘበኛ ነው። አንድ ነገር ለመንኳቸው፦ የእረፍት ቀኖቼ ረቡዕና ዓርብ ይሁኑልኝ አልኩ። ለምን አሉኝ። የጾም ቀኖች ስለሆኑ አልኩ። አንዱ ሽማግሌ ግራ ገብቶት አየኝ፤ ግን ፈቀዱልኝ።

እንዲህ ሆኜ ወደ ማረሚያ ቤቱ በር ተመለስኩ፤ ቦርሳ የለኝ፣ ትራክት የለኝ። ሳጅን ገመቹ «ጋሼ፣ ዛሬ ምን ይዘዋል?» አለኝ።

«አፌን።»

«እሱ ይፈለጋል» አለ።

በነሐሴ አምስት ማኅበሩ ያለፈችውን ተራ ለእትዬ አስካለ መለሰላቸው። ሁሉም መጥተዋል ብለው ነገሩኝ፤ ባለ ሱቋ ቀድማ መጥታ ነው ጠላውን ያማሰለችው። ጊዜው ጾመ ፍልሰታ ነበርና በማግስቱ ስንቃቸውን ልቀምስላቸው ቆሜያለሁ። ከቀመስኩ በኋላ ከነጠላቸው ጫፍ አንድ ቁራሽ ዳቦ ፈትተው አወጡ። በዚህኛው ጊዜ የተረፈው እሱ ብቻ ነው።

በእኔ ምትክ የተመደበው ወጣት ወንጌላዊ አጠገቤ ነበር። ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ የታቦት እኮ ነው» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት።

እትዬ አስካለ ዳቦውን እንደያዙ «ለመቅመስ ነው ወይስ ለመብላት?» አሉኝ።

«ለመብላት።»

ቆሜ ጨርሼ በላሁት። ወጣቱ ለቢሮ ነገረ፤ ተጠርቼ ተወቀስኩ። ልክ ነው፣ ደንባችን አይፈቅድም። ግን ደግሞ አልጸጸተኝም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት በዚያ በር ቆሜያለሁ። «ቀማሹ» ይሉኛል። በረመዳን ወይዘሮ ዘይነባ የሚባሉ የቂሊንጦ ሴት ለባላቸው ሩዝ ሲያመጡ እኔ ነኝ የምቀምስላቸው፤ እሳቸውም የቀማሽ ይለያሉ፣ ማን እንደነገራቸው እንጃ። የሰው እጅ ሙያ ለየሁ፤ የማን ወጥ ጨው እንደሚበዛው፣ ማን ሲያዝን ቅመም እንደሚረሳ። ሰዎች ሳልጠይቃቸው ያወሩኝ ጀመር። ጸልይልኝ ያለኝን እዚያው ቆሜ እጸልይለታለሁ፤ ስሙን አልጽፍም። ወንጌላዊ ተብዬ ከቆምኩበት ዘመን ይልቅ የተባረክሁበት ይኼኛው ነው።

የእትዬ አስካለ ልጅ ድኖ ተፈታ። ከእናቱ ጋር ሊጠይቀኝ መጥቶ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና «እንቁላሌን ሲበሉ የነበሩት እርስዎ ነዎት?» አለኝ። እትዬ አስካለ «ሦስት ማንኪያ» አሉ። አልረሱትም።

እሳቸው ከጥቂት ዓመት በኋላ አረፉ። ማኅበራቸው ቀበራቸው። ጋሽ ወርቁ በከዘራ ተደግፈው ከፊት ነበሩ። እኔ ከመቃብሩ ግቢ አጥር ውጭ ቆሜ አየሁ።

ለእናንተ ለወጣቶቹ ከሥራ ዘመኔ የምነግራችሁ አንድ ነው። ቅጽ ላይ ያልሆነ ነገር አትጻፉ። ባዶ ከሆነ ባዶውን አስገቡ። ባዶ ቅጽ ሰውን ከማኅበሩ አያስወጣም።